የላዛረስን ዘፈን ስቀዳ

አንድ ዘፈን እቀዳለሁ ብዬ የሃምሳ ዓመት ተሳዳቢዬን አጣሁ። ሌላው ሰው የሚያመሰግነው ሲያጣ ያዝናል፤ እኔ የሚሰድበኝ አጥቼ እህል አልበላ ብሎኛል። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በከተማችን በኪትዌ ወሬውን ገልብጠው የሚያወሩ አሉና።

ብዌምብያ እባላለሁ። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ የኪትዌ ሰው ስሜን ሲሰማ ወይ ፈገግ ይላል፣ ወይ «እሱ ሰውዬ እስካሁን አልሞተም እንዴ?» ይላል። ከሃምሳ ዓመት በፊት «ጥቁር ጭስ» የሚባል የሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። አዘቦቱን መዳብ ጉድጓድ ውስጥ እንውላለን፤ ቅዳሜ ሲደርስ ፀጉራችንን አጎፍረን፣ ሱሪያችን ከታች መንገዱን እየጠረገ፣ የማዕድን ሠራተኞች ክበብ መድረክ ላይ እንወጣለን። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ባንድ ነበረ። ዛሬ አብዛኛዎቹ ሞተዋል፤ ዘፈናቸውንም የሚያውቀው የለም። ስለዚህ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ አልበም ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። አሥር ዘፈን፣ አንዱም የኔ ያልሆነ፣ ሁሉም የነዚያ ሰዎች።

«የራስህን ለምን አትጫወትም?» ያሉኝ ነበሩ።

«የኔንማ እኔም ረስቼዋለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ስቱዲዮው የንቺሙንያ ነው። ንቺሙንያ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ሳቅ የማታባክን፣ ከቶንጋ ጎሣ የተወለደች ልጅ ናት። ክፍሏ ያለው ከጎሚስታ ቤት ጀርባ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። መብራት ሲኖር ጎሚስታው የጎማ መንፊያውን ያስነሳና ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ መቅዳት አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ጎሚስታው ዝም ይላል፤ ዓለም ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ግን መብራት የለምና መቅዳት አይቻልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጊታሬን ታቅፌ ወይ ጸጥታ ወይ መብራት ስጠብቅ ጨጓራዬ ተላጠ።

ሁለቱም የተገኙ ዕለት ደግሞ ጣቴ እንቢ ይላል። የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ እንጨት ነው፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ካልነከርኩት አይታጠፍም። ጣቴ ሲታዘዝልኝ ንቺሙንያ ትመጣለች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ፈጥነዋል።»

«ዘፈኑ ነው የፈጠነው። ልጅቷ እየሄደችበት ነው፤ ሰውዬው ይሩጥ እንጂ ምን ያድርግ?»

«ማሽኑ ግን አልፈጠነም።»

ማሽኑ ማለት ድራም የሚመታልን ኮምፒውተር ነው። ድራም የሚመታ ሰው አላገኘሁም፤ የማውቃቸው ሁለቱ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ሰባኪ ሆኗል። ማሽኑ አይደክምም፣ አይሰክርም፣ ከባንዱ መሪ ጋር አይጣላም። ታዲያ ምኑ ነው ሮክ? ብዙ ቀን ገመዱን ነቅዬ ወደ ቤቴ ልሄድ ተነስቼ፣ ንቺሙንያ አንዴ እኔን አንዴ በሩን ስታይ አፍሬ ተቀምጫለሁ። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ዘፈን ጨረስን። ዘጠኙም ደህና ናቸው። ደህና ብቻ ናቸው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

አሥረኛው ግን የላዛረስ ጄሬ «ሁለተኛ ፈረቃ» ነበር። አልበሙን የጀመርኩት ለሱ ብዬ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ላዛረስ የባንዳችን ዘፋኝ ነበር፤ ዘፈኑን ያወጣው እሱ ነው፤ ጊታሩን የፈጠርኩለት እኔ ነኝ። አራት ዓመት በየቅዳሜው ተጫወትነው፤ ተቀድቶ ግን አያውቅም። ስሞት ከኔ ጋር ይጠፋል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ላዛረስ ንጎኒ ነው፤ እኔ ቤምባ ነኝ። የኛ አያቶችና የነሱ አያቶች በጦር ሲጨራረሱ ኖረው ሲታክታቸው፣ ከእንግዲህ በአፍ ብቻ እንዋጋ ብለው ታረቁ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቤምባና ንጎኒ በተገናኙበት ሁሉ ስድብ ነው። እኛ ጦጣ በላዎች ነን፣ እነሱ አይጥ በላዎች። እኔ እሱን ባሪያዬ እለዋለሁ፣ እሱም እኔን። ፖሊስ ጣቢያም ሆነ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ያ የማይቀር ነው። የሚናደድ ሰው ካለ የሚያፍረው ራሱ ነው፤ እንዲህ የሚሰዳደቡትን የቀልድ ዘመድ እንላቸዋለን፤ በቀልድ ዘመድ መቆጣት ነውር ነው። እኔና ላዛረስ ሃምሳ ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን እንኳ ስድብ የሌለበት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። በዚህም እንኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሚስቱ ኤስናቲ ስትቀበር እንኳ ሥራዬን ሠርቻለሁ። የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ተጋደምኩና «ይሄ ለኔ የተቆፈረ ነው! ለንጎኒ ይህን ያህል ጥልቅ አይቆፈርም፣ የአይጥ ጉድጓድ ይበቃቸዋል!» ብዬ አልወጣም አልኩ። ለቀስተኛው በእንባው መሃል ሳቀ። ላዛረስ ራሱ እጄን ይዞ ጎትቶ አወጣኝና «ተባረክ፣ አንተ ጦጣ» አለኝ። የቀልድ ዘመድ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሉዋንሽያ ከተማ ወደሚገኘው ቤቱ የደወልኩት ከስቱዲዮው ነበር። እጄ በጊታሩ ተይዞ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ንቺሙንያ ሁሉንም ትሰማለች።

«ማነው?»

«ንጉሥህ ነኝ፣ አንተ አይጥ በላ። ተነስተህ ቁም!»

«አሃ፣ ጦጣ በላው! እስካሁን ጅራት አላበቀልክም?»

«አብቅያለሁ፤ ያስቀመጥኩት አንተን ላስርበት ነው። ስማ፣ ‹ሁለተኛ ፈረቃ›ን ልቀዳው ነው።»

«እሱን ተወው» አለ።

«ለምን ተብሎ?»

«የኤስናቲ ነው። ለሷ ሰጥቻታለሁ። ስንት ዘፈን አለ፣ ሌላ ዝፈን።»

«ባሪያ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰጠው ንብረት ያለው?»

«ብዌምብያ፣ አትንካው ብዬሃለሁ። ብትነካው መጥቼ ጣቶችህን ነው የምቆርጣቸው።»

«በየትኛው ቢላ? አይጥ በምትገፍበት? እሱማ ቅቤም አይቆርጥ!»

ሳቀ። ወይም የሳቀ መሰለኝ፤ በኛ ዕድሜ ስልክ ላይ ሳልና ሳቅ አንድ ነው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እኔ እያጉተመተምኩ፣ ደስ እያለኝ፣ የጊታሬን ክር መቃኘት ጀመርኩ።

«አባባ» አለች ንቺሙንያ፣ «ሰውዬው የሚቀልዱ አልመሰለኝም።»

«አንቺ ቶንጋ ነሽ፣ የኛን ነገር አታውቂውም። ይሄኮ ሰላምታ ነው።»

«ቶንጋ ብሆንም ጆሮ አለኝ። ሥራዬ እኮ መስማት ነው።»

ምነው ያኔ ሰምቻት ቢሆን! ግን ማን በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ስለ ንጎኒ ከቶንጋ ይማራል? «አንቺ ማሽንሽን ጠብቂ» ብዬ ዘጋኋት።

የቀረው ችግር ሦስተኛው አንጓ ነበር። የመጀመሪያው እንደዚህ ይላል፤

ሁለተኛ ፈረቃ ገብቼ ስወጣ፣
የተከደነ ሳህን ይቆየኛል ማታ።

ሁለተኛውንም አስታውሰዋለሁ። ሦስተኛው ግን ከጭንቅላቴ ድራሹ ጠፍቷል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ዓይኔ ጣቶቼ ላይ ነበር፤ የሚከብደው የጊታር ቦታ እዚያ ስለሆነ ላዛረስ ምን እንደሚል ሰምቼ አላውቅም። ደውዬ ብጠይቀው እንደገና ሊሰድበኝ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር መጣልኝ። ራሴ ላውጣለት! የቀልድ ዘመዱ አይደለሁም? አልበሙ ውስጥ ለዘለዓለም የሚኖር ስድብ ልስጠው፤ ሲሰማው ከወንበሩ ይወድቃል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ አልኩ፤

ክዳኑን ባነሳው አይጥ ዘላ ወጣች፣
የንጎኒው እራት ሩጣ አመለጠች።

ጽፌ ስጨርስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጎሚስታው ምሳውን ሊበላ ሄደ፤ መብራቱም አልጠፋም። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ንቺሙንያን «ማሽንሽን አጥፊው» አልኳት። ምን እንዳየችብኝ አላውቅም፣ ያለ ክርክር አጠፋችው። ጊታሬንና ድምፄን ይዤ ብቻዬን ገባሁበት። ጣቴ ታጠፈ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ እንኳ እንደዚያ አልዘፈንኩም። ከመነሻው እስከ መድረሻው አንዴም ሳልቆም ጨረስኩት። ንቺሙንያ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይሄንን አልነካውም» አለች። «ፈጥነዋል፣ ግን አልነካውም።» ከዚያም «ሦስተኛው አንጓ ብቻ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

በዕድሜዬ የሠራሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። እዚያው ቁጭ ብዬ በስልክ ለላዛረስ ላክሁለት። ከሥር «ስማና እርር ድብን በል፣ ባሪያዬ» ብዬ ጻፍኩ።

መልስ የለም። ላዛረስ ሁልጊዜ ስድብ ሲደርሰው ምላሹን ለመላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ስልኬን እየከፈትኩ እዘጋለሁ፤ ንዴቱ ደሜን አፈላው። ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ተልኮለት ዝም ይላል? ቅናት ነው አልኩ፤ ድምፁ ስለሄደ ነው አልኩ። ሐሙስ «ሞትክ እንዴ? ጉድጓድህን ልለካልህ ልምጣ?» ብዬ ጻፍኩለት። አሁን ሳስበው ምላሴን ቢቆርጠው ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ልጁ ታማንዳ ደወለች። ታማንዳ አስተማሪ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም።

«አጎቴ፣ እባክዎ ለአባዬ ሁለተኛ ምንም እንዳይልኩለት።»

«ምን ሆነ? ታመመ?»

«አልታመመም። ዘፈኑን አንድ ጊዜ ሰማውና ስልኩን ሰጠኝ፤ አጥፊልኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይናገርም።»

«በቀልዱ ተናዶ ነው? ላዛረስ? በኔ?»

ከዚያ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፈው፤ ባሳምረው ነውር ነው።

«እናቴ መጨረሻ ላይ የኔን ስም እንኳ አታውቅም ነበር። አባዬን ‹ይሄ ሰውዬ ማነው፣ ለምንድነው የማይሄደው?› ትለው ነበር። ከሁሉም ነገር የቀራት ያ ሦስተኛው አንጓ ነው። አባዬ ሲጀምርላት ትቀበለዋለች፤ አንድ ቃል አትስትም። እሱን እየዘፈነች ታውቀዋለች፣ በስሙ ትጠራዋለች። ሲያልቅ ደግሞ ትረሳዋለች። አራት ወር በየቀኑ እንደዚያ ነበሩ።»

«ምንድነው የሚለው፣ ሦስተኛው?» አልኳት።

«እሱን አልነግርዎትም፣ አጎቴ» አለች በትሕትና።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ይሄን ሁሉ ለምን በአፉ አልነገረኝም?»

«ነግሮዎታል እኮ» አለች።

ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ የተናደድኩት በላዛረስ ነው። ደህና አድርጎ አይናገርም ነበር? «ብዌምብያ፣ አሁን አልቀለድኩም» ማለት ምን ይከብዳል? እንዲህ እያልኩ ግቢውን ስዞር ቆየሁ። ግን በየት በኩል ይበለው? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቁም ነገር ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር እኔ አይጥ ከትቼበታለሁ። ጣትህን እቆርጣለሁ ያለው ሌላ ቋንቋ ስላልተውኩለት ነው። አሁን እንኳ ሊቆጣኝ አይችልም፤ በቀልድ ዘመድ የተቆጣ ንጎኒ መሳቂያ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔው ደግሞ በጊታር የታጀበ ነው።

በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው ሄድኩ። ጎሚስታው እያንጫጫ ነበር።

«አሥረኛውን አጥፊው» አልኳት።

ንቺሙንያ የሆነውን ስነግራት አልተገረመችም፤ «ነግሬዎት ነበር» ግን አላለችኝም፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ። «ሦስተኛውን ብቻ ቆርጬ ላውጣው» አለች። «ሁለቱ አንጓ ይበቃዋል። ማንም አያውቅም።»

እውነቱን ልናገር፣ እሺ ልላት ነበር። አፌ እንኳ ተከፍቶ ነበር። እንደዚያ ያለ አራት ደቂቃ ሁለተኛ እንደማይመጣልኝ አውቃለሁ፤ ጣቴ ያውቃል። ግን ላዛረስ ያለኝ ሦስተኛውን አትንካ አይደለም፤ ዘፈኑን አትንካ ነው።

«ሁሉንም።»

«ለራስዎ አንድ ቅጂ ላስቀምጥልዎት፣ አባባ። በሳጥን ውስጥ። ማንም ሳይሰማው።»

«ካስቀመጥሽው እሰማዋለሁ፤ ከሰማሁት አወጣዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። አጥፊው፣ ልጄ።»

አጠፋችው። ከኔ ስልክም አጠፋሁ። አልበሙ ዘጠኝ ደህና ዘፈን ያለው አልበም ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ በሚኒባስ ሉዋንሽያ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምሰድበውን ስድብ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አላውቅማ። ጠንከር ያለ ስድብ እሰድበዋለሁ፣ እሱ የባሰውን ይመልስልኛል፣ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ ያልቃል። ሂሳቤ ይሄ ነበር። ከበሩ እንደደረስኩ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮህኩ።

«አንተ አይጥ በላ! ንጉሥህ ቆሞ እያየህ ትቀመጣለህ?»

ላዛረስ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ነበር። ተነሳ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጢሙን ተላጭቷል።

«እንደምን አደሩ» አለ። «ይግቡ። ይሄን ሁሉ መንገድ መጡ?»

ወንበሩን ለኔ ለቀቀና ለራሱ በርጩማ አመጣ። ሻይ ቀዳልኝ። መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ኪትዌ ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ፣ ልጆቼ ደህና እንደሆኑ በየተራ ጠየቀኝ። ለሁሉም መለስኩ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፈልጌው ነበር፣ አላገኘሁትም።

«አጠፋሁት፣ ላዛረስ» አልኩት። «ሁሉንም። አንድም ቦታ የለም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልፋትዎ ነው የባከነው።»

«አላወቅኩም ነበር። ቀልድ መስሎኝ ነው።»

«ምን ያድርጉ፣ አያውቁም ነበር» አለ። ስኳር ጨመረልኝ።

«ስደበኝ እንጂ!» አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ፤ ታማንዳ በመስኮት ብቅ አለች። «ጦጣ በለኝ! ጣቴን ቁረጠው፣ ይኸው! ምን ነካህ?»

ጣቴን ዘርግቼ ያዝኩለት። አየው፤ ረጋ ብሎ አየው።

«ለምን እሰድብዎታለሁ?» አለ። «እቤቴ የመጡ እንግዳ እኮ ነዎት።»

ሻዬን ጠጣሁ። ምን ይደረጋል? ጠጥቼ ስጨርስ አንድ ከረጢት ለውዝ አስቋጠረልኝ፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም አለ። እስከ ዋናው መንገድ አብሮኝ መጣ፤ ፀሐዩ እንዳይመታኝ በጥላው በኩል አስኬደኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ እንደወትሮው ማጅራቴን በጥፊ ይለኛል ብዬ አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠበቅኩ። ላዛረስ የቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚጨበጠው ጨበጠኝ።